ሠላሳ ስምንቱ እንቁራሪቶች አሁንም በሥራ ላይ ናቸው

ለተከበሩ የሐይቁ ውሃ ጥራት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና የተከበረውን ወንበርዎን እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። በሐይቁ ዳር የምንኖር ሰዎች ስንመኘው የኖርነው ጤና በሙሉ ለእርስዎ እንዲሆን መርቄያለሁ፤ እኛ ዘንድ ብዙም ስላልተጠቀምንበት እንደ አዲስ ነው። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ በማውጣቴ በርዎን ሳላንኳኳ አደባባይ የወጣሁ እንዳይመስልዎ። አሥራ አንድ ደብዳቤ አስገብቻለሁ፤ በአሥራ አንዱም ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ተመትቶልኛል። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው፤ እንደ ድሮው ቀለሙ አይዝረከረክም፤ ለዚህም እግረ መንገዴን አመሰግናለሁ። አሥራ ሁለተኛውን ወደዚህ ያዞርኩት ማኅተም የሚመታውን ባልደረባችንን ክንድ ለማሳረፍ ብዬ ብቻ ነው።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ለሃያ ዘጠኝ ዓመት በጽሕፈት ቤትዎ ምድር ቤት፣ በሩ በማይገጥመው የመጨረሻ ክፍል ውስጥ የነበርኩት የመስክ ናሙና ሰብሳቢ ነኝ። በመዝገብ ሌላ ስም ቢኖረኝም መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ቆጣሪው» እያለኝ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሥራዬ በየወሩ ከሐይቁ ውሃ በጠርሙስ መቅዳት፣ ከድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ነፍሳት በወንፊት አውጥቶ መልቀም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እንቁራሪት መቁጠር ነበር። እንቁራሪት ቆዳዋ ስስ ነው፤ ውሃው የያዘውን ሁሉ በቆዳዋ ትስባለች፤ ስለዚህ ውሃ ሲታመም ቀድማ የምትታመመው እሷ ናት። ይህን የሚለው እኔ ሳልሆን በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለው መመሪያ ነው፤ ከወንበርዎ ጀርባ ስለሆነ ላያዩት ይችላሉ።

እንቁራሪት የሚቆጠረው በጆሮ ነው። ሁለት ሰዎች ፀሐይ ስትጠልቅ በሸምበቆው መሃል ባለችው የእንጨት መረማመጃ ላይ ይቀመጡና አምስት ደቂቃ ሙሉ ትንፍሽ ሳይሉ ያዳምጣሉ። አንዱ አዲስ ድምፅ በሰማ ቁጥር በእጁ የያዛትን ትንሽ መቁጠሪያ በአውራ ጣቱ አንዴ ይጫናል፤ ሌላው ሰዓት ይዞ ምስክር ይሆናል፤ በመሃላቸው የተቀመጠ ድምፅ መቅረጫም ሁሉንም ይቀርጻል። በመሃል ያነጠሰ፣ የሳለ ወይም የተጣራ ሰው ካለ ቆጠራው ውድቅ ነው፤ እንቁራሪቶቹ ተረጋግተው እንደገና እስኪጀምሩ ተጠብቆ ከአንድ ይጀመራል። ደንቡ ይኸው ነው፤ እኔም ሃያ ዘጠኝ ዓመት አክብሬዋለሁ።

የእኔ ምስክር የመሥሪያ ቤታችን ጀልባ ነጂ ነበር። የሚነዳት ጀልባ ሦስት ሰውና አንድ ጀሪካን ብቻ የምትይዝ ብትሆንም እኛ «ካፒቴን» ነበር የምንለው፤ እሱም ስሙ የተገባው መሆኑን ተጠራጥሮ አያውቅም። ሲጋራ ያመጣበት ሳል ስለነበረው አምስቱ ደቂቃ ሲጀመር መሀረቡን አጣጥፎ አፉ ውስጥ ይጎሰጉስና ዓይኑ ደም ለብሶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ይቀመጣል እንጂ አይስልም ነበር። እንቁራሪቶቹን በድምፃቸው ለይተን ስም አውጥተንላቸዋል። ሁልጊዜ ቀድሞ የሚጀምረው «ዳኛው» ነበር፤ ማበጠሪያ በጥፍር የመፋቅ ድምፅ ያለው «ፀጉር ቆራጩ»፤ ሌሎቹ ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ብቻውን የሚጮኸው ደግሞ «አርፋጁ»። ሥራ ስንጀምር ሁለት መቶ ስንደርስ አውራ ጣቴ ይዝል ነበር። በኋላ መቶ አርባ ሆኑ፤ ከዚያ ዘጠና፣ ከዚያ ስልሳ። ምክንያቱን ፈልጎ ለማግኘት ሊቅ መሆን አያሻም። ከላይ ያሉት እርሻዎች የረጩት ማዳበሪያ በየጎርፉ ይወርዳል፤ የአዲሶቹ ሕንጻዎች ፍሳሽ በቱቦ ይገባል፤ ሙቀቱ ሐይቁን እንደ ልብስ ማጠቢያ ውሃ ለብ አድርጎታል፤ ዝናቡም ሲቀር ይቀርና ሲመጣ ያለወቅቱ በአንዴ ይዘረገፋል። ውሃው አልጌ በዝቶበት አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ደግሞ ሌሊት ሌሊት በውሃው ውስጥ ያለውን አየር እየጨረሰ ዓሦቹ ማለዳ ላይ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ይታዩ ጀመር።

የመጨረሻው ቆጠራችን ሠላሳ ስምንት ነበር። በዚያው ወር አንድ ማለዳ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈና ዳርቻው ነጭ ሆኖ ዋለ። በሚቀጥለው ወር እንደ ልማዳችን ሄደን ተቀመጥን። አምስት ደቂቃ አለፈ። መቁጠሪያዬ ዜሮ ላይ ናት። ቀኑን ተሳስተን እንደሆነ ብለን በማግሥቱም፣ በሠልስቱም ሄድን። በሦስተኛው ቀን ካፒቴን መሀረቡን ከአፉ አውጥቶ እንደ ልቡ ሳለ፤ ብዙ ሳለ፤ አንድም የተረበሸ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ወደማመሰግንባቸው ነጥቦች ልግባ። በቁጥር ያስቀመጥኳቸው ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፤ ዜሮ ስለማይቀበለው ኮምፒውተርዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ያን ወር በቅጹ ላይ «0» ብዬ ጽፌ ወደ መረጃ ክፍል ስወስድ፣ እዚያ የምትሠራዋ ደግ ወይዘሮ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሦስት ጊዜ ቀይ ጽሑፍ መጣባት። «ጋሼ፣ ዜሮ አይቀበልም እኮ፤ አልተሞላም ነው የሚለኝ፤ ባዶውን እንለፈው» አለችኝ። ባዶውን ስታልፈው መሣሪያው ያለፈውን ወር ቁጥር ራሱ አምጥቶ ሞላው፤ ሠላሳ ስምንት። እኔም «ለአንድ ወር ነው» ብዬ ፈረምኩ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ እርስዎን ብቻ መውቀስ አልችልም፤ እጄ የራሴ ነው፤ ብዕሩም የራሴ ነበር። በሚቀጥለው ወር ያለፈው ወር ሠላሳ ስምንት ስለሆነ ያኛውም ሠላሳ ስምንት ሆነ። እነሆ እስከ ዛሬ በመዝገብዎ ሠላሳ ስምንት እንቁራሪቶች ይጮሃሉ። አልወለዱም፤ አልሞቱም፤ አንድ ቀን እንኳ ጉንፋን ይዞት የቀረ የለም። በበጋ፣ ሐይቁ በደህናው ዘመን እንኳ ከሃያ የማይበልጡ በሚጮሁበት ወር፣ የእርስዎዎቹ ሠላሳ ስምንት ሆነው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ ሥራ አክባሪነት በጽሕፈት ቤታችን ታይቶ አይታወቅም። ከላይ እስከ ታች ካለው ባለሙያ አንድ ሰው «ይህ ቁጥር ለምን አይነቃነቅም?» ብሎ አለመጠየቁ ደግሞ በእኔ ላይ ያላችሁን እምነት ያሳያል።

ሁለተኛ፤ የጠርሙሱን ቦታ ስላዛወሩልን እናመሰግናለን። በፊት ውሃ የምንቀዳው ከሐይቁ መሃል ነበር። ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ጀልባ አላሳልፍ ሲል በሠራተኛ ደኅንነት ስም ከተራራው ትኩስ ውሃ ወደሚወርድበት ወደ ጅረቱ አፍ እንዲዛወር አዘዙ። ከዚያ የተቀዳው ውሃ እንደ መስታወት ያለ ነው። ጅረቱ በእውነት ጤነኛ ነው፤ ስለ ጅረቱ በየወሩ እየጻፍን ስለ ሐይቁ ሪፖርት ማድረጋችን ግን ትንሽ ሆድ ሆዴን ይበላኝ ነበር።

ሦስተኛውን ለጊዜው ልለፈው። እመለስበታለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ቀዮቹ ትሎች። ድሮ ከድንጋይ ሥር ሠላሳ ዓይነት ነፍሳት እንለቅም ነበር፤ ባለ ሦስት ጭራ፣ ከአሸዋ ቤት ሠርቶ በጀርባው የሚሸከም፣ እንደ ቅጠል የሚንሳፈፍ። አሁን ወንፊቱን ከጭቃው ባወጣሁት ቁጥር የሚገኘው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ አየር በሌለበት ጭቃ ውስጥ የሚኖር ቀጭን ቀይ ትል። እሱ ግን በሺህ የሚቆጠር ነው። ቅጹ «በጭቃው ውስጥ የተገኙ ሕይወት ያላቸው ነገሮች ብዛት» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ምን ዓይነት እንደሆኑ ስለማይጠይቅ፣ ሐይቁ በታሪኩ ከፍተኛውን የሕይወት ውጤት ያገኘው በሞተበት ዓመት ሆነ። እንኳን ደስ አለዎት።

አምስተኛ፤ በእንቁራሪቶቹ ፈንታ ስለተኩልን ትንኞች። የትንኝን ልጅ የሚበላው ዓሣና የውሃ ተርብ ስለሌለ በርክተውልናል። እነዚህን ለመቁጠር መረማመጃ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ቤታችን ድረስ ይመጣሉ።

ስድስተኛ፤ በየቧንቧው አጠገብ ስለለጠፉት «ለጥንቃቄ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚል ማስታወቂያ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ባያውቁም መመሪያው እንደሚያውቀው፣ አረንጓዴው የሚተፋው መርዝ በእሳት አይጠፋም። ውሃው ተንኖ ሲቀንስ መርዙ እዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ጥንቁቋ እናት ብዙ ባፈላች ቁጥር የምታጠጣው የጠነከረውን ነው። የማጣሪያ ጣቢያው ይህን መርዝ የሚይዝ ተጨማሪ ማጣሪያ አለው፤ ግን ውሃው «ከፍተኛ ጥራት» የሚል ምስክር ወረቀት ስላለው ማጣሪያው በላስቲክ እንደተጠቀለለ መጋዘን ተቀምጧል። ምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ደግሞ በሠላሳ ስምንቱ እንቁራሪቶች ነው።

አሁን ስለ አንዲት ጥንቁቅ እናት ልንገርዎ፤ ልጄ ናት።

ልጄ የሒሳብ መምህርት ናት። ቁጥር ሰውን አያታልልም እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከባሏ ጋር ቤት ሲፈልጉ ከብዙ ቦታ መርጣ ሐይቁ ዳር በተሠሩት አዲስ ሕንጻዎች አራተኛ ፎቅ ላይ ገባች። ለምን እዚያ እንደመረጠች ስጠይቃት፣ በመግቢያው አዳራሽ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ የሚታየውን የውሃውን ምስክር ወረቀት አየሁ አለችኝ፤ ከሥሩ የአባቷን ፊርማ ስላገኘች ሌላ ማጣራት አላስፈለጋትም። የሰባት ወር ሴት ልጅ አላት። ሕፃኗ ገላዋን በታጠበች ቁጥር አንገቷና ብብቷ ቀይ ሽፍታ ይወጣበታል፤ ሆዷም አልረጋ ብሏል። ሐኪሙ ሙቀት ነው ብሏቸዋል። ቧንቧው ሲከፈት የታጨደ ሣር ይሸታል፤ ልጄ ሽታው ከአትክልቱ ቦታ የሚመጣ ይመስላታል።

ውሃውን እንዳታጠጪ ብዬ ነገርኳት። አንዴ አይደለም፤ በሄድኩ ቁጥር ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ ተቆጣች። በመጨረሻ እጄን ይዛ በደረጃው ወደ አዳራሹ አወረደችኝና በወረቀቱ ፊት አቆመችኝ። «አባዬ፣ የፈረምከው አንተ ነህ እኮ። ያኔ ነው የዋሸኸው ወይስ አሁን?» አለችኝ። ወረቀቱ በየወሩ ስለሚታደስ ቀኑን አየሁት፤ ያለፈው ወር ነው። ክቡር ሆይ፣ ባለፈው ወር እኔ ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆኖኝ ነበር። የፈራሚው ቦታም ባዶ ሲቀር መሣሪያዎ ያለፈውን ወር ፈራሚ እያመጣ ይሞላዋል ማለት ነው። ይህን ለልጄ ላስረዳት ሞከርኩ። በአባቷ ማርጀት ባዘነ ዓይን አየችኝ፤ ከዚያም ወደ ላይ ወጥታ ሻይ አፈላችልኝ። በዚያው ውሃ ያፈላችውን ሻይ ምን እንደማደርገው ጨንቆኝ ብርጭቆውን እንደያዝኩ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ።

ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ያኔ ዳኛው ጀመረ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቀጥሎ ፀጉር ቆራጩ ተቀበለ፤ ከዚያ ሌሎቹ። ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ አራቱን ፎቅ በዚህ ዕድሜዬ እንዴት እንደወረድኩትም አላውቅም። ግቢው ውስጥ ቆሜ አውራ ጣቴ በራሱ ጊዜ ይሄድ ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንባዬ ይወርዳል። ተመልሰዋል፤ እኔ ውሸታም አይደለሁም፤ የልጅ ልጄም ደህና ናት፤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ከአበባው ሥር አንድ ሰው ሳለ።

ያን ሳል ከሺህ ሳል መሃል አውቀዋለሁ። መሀረቡን አልፎ የወጣ፣ ባለቤቱ ወዲያው የተጸጸተበት ሳል ነው። ጣቴ ቆመ፤ ደንቡ ቆጠራው ውድቅ ነው ይላልና። ጎንበስ ብዬ አበባውን ብገልጠው ድንጋይ የሚመስል ድምፅ ማጉያ አገኘሁ። የግቢው ጥበቃ መጥቶ «በየቀኑ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ እንከፍተዋለን አባቴ፤ ነዋሪው በጣም ይወደዋል» አለኝ። ስለ ሳሉ ስጠይቀው «እሱ አብሮ የመጣ ነው፤ ለምደነዋል» አለ።

ከየት እንደመጣ ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። እንቁራሪቶቹ በጮሁበት በመጨረሻው ወር ሁለት ጊዜ ቆጥረን ነበር፤ በመጀመሪያው ላይ ካፒቴን ሳል አምልጦት ስለነበር በድምፅ ቅጂው ላይ በእጄ «ውድቅ» ብዬ ጽፌ መዝገብ ቤት አስገባሁት። እርስዎም ያንኑ ቅጂ ለሕንጻው ባለቤቶች በትብብር ደብዳቤ ሸኝተውላቸዋል። እነሆ ልጄ በየምሽቱ መስኮቷን ከፍታ ሕፃኗን በዚያ ድምፅ ታስተኛለች። በቤቷ ውስጥ የሚጮሁት እንቁራሪቶች የሞቱ ናቸው፤ የሚስለውም ሰው የሞተ ነው፤ የፈረመው አባቷ ደግሞ ገና አልሞተም እንጂ ከእነሱ ወገን ተመዝግቧል። እኔ ራሴ አሁን እቤቴ ቁጭ ብዬ ቧንቧው ሲንጠባጠብ አንዳንዴ ዳኛውን እሰማለሁ። ተነስቼ አጥብቄ እዘጋዋለሁ። እንደገና ይጀምራል።

ሦስተኛው ይኸው ነው። ልመለስበት ቃል ገብቻለሁ።

ፀጥታው ዘጠነኛ ወሩን ሲይዝ ካፒቴንና እኔ እንደ ልማዳችን መረማመጃው ላይ ተቀመጥን። እሱ አሁንም መሀረቡን አፉ ውስጥ ያደርግ ነበር፤ ምናልባት ቢመጡ ብሎ። ግማሽ ደቂቃ ያህል እንዳለፈ ክንዴን ያዘኝ። መሀረቡን አውጥቶ በጆሮዬ «ሰማኸው? ዳኛው ነው» አለኝ። እኔ አልሰማሁም። ዓይኑ እንደ ልጅ ዓይን ሲበራ ግን አልሰማሁም ለማለት አፌ አልታዘዘም። እንቁራሪቱን እንዳያስደነግጥ ሞተሩን ሳያስነሳ ጀልባዋን ፈታና በእንጨት እየገፋ ወደ ሸምበቆው ገባ። ከእኔ አርባ እርምጃ ያህል ቢርቅ ነው። እምቦጩ ከላይ ሲታይ ሜዳ ይመስላል፤ አበባ ሁሉ አለው። ጀልባዋን አላሳልፍ ሲለው እንቁራሪቱን ሊያየው ብሎ አንድ እግሩን ወደ እምቦጩ ሲያወጣ አየሁት፤ ከዚያ ሸምበቆው ጋረደው።

ቀጥሎ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ድምፅ ናት፤ እንቁራሪት ከቅጠል ላይ ወደ ውሃ ስትዘል የምታሰማው ዓይነት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። መቁጠሪያዬን ተጫንኩ፤ አንድ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ አልተጣራሁም። ደንቡ አይፈቅድም። ብጣራ ቆጠራው ውድቅ ይሆናል፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ የተገኘችው አንዷም ትጠፋለች ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ። ሁለት ደቂቃ ከግማሽ ያህል ቀርቶ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ ከግማሹን ሰዓቴን እያየሁ በደስታ ተቀመጥኩ። ጊዜው ሲሞላ ነው «ካፒቴን!» ያልኩት። ጀልባዋ ባዶዋን ነበረች። እምቦጩ ገጥሞ፣ አበባው በቦታው ተመልሶ፣ ፀጥ ረጭ ብሏል። ጠላቂ ዋናተኞች አራት ቀን ፈልገው አላገኙትም፤ ከላዩ ያለው ሥር እንደ ገመድ የተጠላለፈ ነው።

ያን ወር ወደ ቢሮ ስላልመጣሁ ቅጹ በሙሉ ባዶ ነበር። የመረጃ ክፍል መሣሪያዎ እንደ ልማዱ ሞላው፦ እንቁራሪት ሠላሳ ስምንት፤ ምስክር፣ ካፒቴን። በሞተበት ምሽት ሠላሳ ስምንት እንቁራሪት መስማቱን መስክሯል ማለት ነው። ያን ቀን የእኔ መቁጠሪያ የያዘችውን ብጽፍ ኖሮ መሣሪያው ይቀበለኝ ነበር፤ አንድ ቁጥር ነውና። ሠላሳ ስምንቱ ያኔ ይጠፋ ነበር፤ ምናልባት አንድ ሰው ደንግጦ ይጠይቅ ነበር፤ ልጄም ወረቀቱን አይታ እዚያ ቤት ባልገባች። ግን ያቺ አንድ ማን እንደሆነች ስለማውቅ ልጽፋት አልቻልኩም። እስካሁንም አልቻልኩም።

ልመናዬ ብዙ አይደለም። ወረቀቱን ከግድግዳው ያውርዱ፤ በላስቲክ የተጠቀለለውን ማጣሪያ ያስፈቱ፤ የእኔንና የካፒቴንን ስም ከመዝገቡ ያሰናብቱ። ይህ ሁሉ ስብሰባ የሚያስፈልገው ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይቅርና፣ ጥርት ባለው ማኅተምዎ «ቁጥሩ ሐሰት ነው» የምትል አንዲት መስመር ለልጄ ይጻፉላት። ከእኔ አታምንም፤ ወረቀት ግን ታምናለች፤ ያሳደግኳት እንዲያ ነው።

እርስዎ ይህን ደብዳቤ እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ አይቀየሙኝ። ልጄ ግን የዚህን ጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ የቃላት ጨዋታ ሳትሞላ አትውልም፤ አዘጋጁን ለምኜ ከጨዋታው አጠገብ እንዲያወጣልኝ አድርጌያለሁ። ስለዚህ ክቡርነትዎ ይፍቀዱልኝና አንድ አንቀጽ ለእሷ ልስጥ።

ልጄ፣ ያኔ ነው የዋሸሁት። አሁን አይደለም። ውሃውን አታጠጫት፣ አታጥቢያት፣ አፍልቼዋለሁም አትበይ። መስኮቱን ዝጊ፤ እዚያ ውጭ የሚጮህ ነገር የለም። ነገ ጠዋት ልጅቷን ይዘሽ ወደ እኔ ነይ፤ የጅረቱን ውሃ ቀድቼ አስቀምጬልሻለሁ። ጅረቱ ደህና ነው፤ እሱን እንኳ በእውነት ነው የፈረምኩት።

ክቡር ሆይ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩብዎ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር መቁጠሪያዬን አያይዤ በአካል አስገብቻለሁ፤ የመንግሥት ንብረት ስለሆነች ጡረታ ስወጣ መመለስ ነበረብኝ። «አንድ» ቁጥር ላይ እንደቆመች ናት። ዜሮ እንደማትቀበሉ ስለማውቅ ቁጥሯን ወደ ኋላ አልመለስኩትም።

ጤናና ረጅም ዕድሜ ከሠላሳ ስምንቱ ዕድሜ ጋር እኩል እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከእግርዎ ሥር ካለው ምድር ቤት በክብር ተሰናብቼ ሳለሁ በየወሩ ሳልቀር የምፈርምልዎ፣
ታዛዥ አገልጋይዎ
ቆጣሪው

ግልባጭ፦
ለሠላሳ ስምንቱ፣ ባሉበት
ለካፒቴን፣ ባለበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ለካፒቴን ባለቤት አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። ባሏ በየወሩ እየመጣ ምስክርነቱን የሚሰጥ ከሆነ፣ የሚመጣበት ቀን ቢነገራት በራችሁ ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ደረቅ ልብስ ይዤለት እመጣለሁ በልልኝ ብላለች።